ምሥራቁን ግድግዳ ተዉልኝ

ኢንስፔክተር ውብነሽ ስትደርስ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ገና አልተነሡም፤ በአዲሱ ቤት ወለል ላይ ተዘርግተዋል። ጋቢ አልብሰዋቸዋል፤ እግራቸው ግን ባዶ ነው። ወለሉ በቅርቡ የተለቀለቀ ስለሆነ እርጥበቱ አልለቀቀውም፤ በዚያ ላይ ቄሱ ጠበል ረጭተውበታል። ከራስጌያቸው መዶሻ ወድቋል። ከመዶሻው ራቅ ብሎ የእመቤታችን ሥዕል በነጭ ጨርቅ እንደተጠቀለለ ግድግዳውን ተደግፏል። በምሥራቁ ግድግዳ ላይ አንድ ምስማር እስከ ወገቡ ገብቶ ቀርቷል።

ጉድ ነው መቼም! ሰው አዲስ ቤት ሲገባ በግ ይታረዳል እንጂ የሠሪው አባት አይሞትም። ንፋስ መውጫ ከተማ ደግሞ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል፤ ፖሊስ ሳይደርስ ከተማው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። «የመብራቱ ልጅ ነው የፈጃቸው» ይላል አንዱ። «ኧረ ምራቲቱ ናት ያስደረገችው» ይላል ሌላው። ሰው እንዲህ ነው፤ ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ነገሩን ያሞቀዋል።

ውብነሽ የሃምሳ ዓመት ሴት ናት። አጭር ናት፤ ኪሷ ከቆሎ አይለይም፤ ዝም ስትል ታስፈራለች፣ ስትናገር ትብሳለች። ተንበርክካ የሽማግሌውን ግራ እጅ ገለበጠችው። አውራ ጣታቸውና ጠቋሚ ጣታቸው ጠቁሯል።

«መብራት ነው» አለች።

«እኛም ያልነው እሱን ነው» አለ ረዳቷ ሳጅን አስማረ። «ልጁን ይዘነዋል፤ ምንይችል ይባላል። የቤቱን መስመር የዘረጋው እሱ ነው።»

«አመነ?»

«‹በምሥራቁ ግድግዳ ሽቦ አላሳለፍሁም› እያለ ይምላል። ታዲያ ሽቦው ከሰማይ ወረደ?»

«ከሰማይ ከወረደ እሱን አንይዘውም። ከሰው እጅ ከወጣ ግን እንይዘዋለን። መብራቱ ይጥፋ፤ ቤቱ ይቆለፍ፤ ያንን ምስማር ማንም እንዳይነካው።»

ከመነሣቷ በፊት የመሪጌታን ነጠላ ጫፍ ዳሰሰች። አንድ ቁልፍ ተቋጥሮበታል፤ አዲስ፣ ገና ያብለጨልጫል። ፈታችና ከቆሎዋ ጋር ኪሷ ከተተችው።

መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ዕድሜያቸውን በቤተ ልሔም ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አገሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል። ሁለት ልጆች አሏቸው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባላል፤ እነዚህም እንደዚያው ናቸው። ታላቁ እንዳልካቸው ተምሮ ባሕር ዳር ገባ፤ የጭነት መኪና ገዛ፤ አገባ፤ ወፈረ። ታናሹ ዘመኑ «አባታችንን ማን ይጡር?» ሲባል ከትምህርቱ ወጥቶ ሞፈር ጨበጠ። የኔታ ከተማ ውስጥ አንዲት ቦታ ነበረቻቸው። ቦታዋን ለታላቁ ሰጡ፤ ታላቁም ይህን ቤት ሠራባት። ከዛሬ ጀምሮ አባትየው ከዘመኑ ጎጆ ወጥተው እዚህ ሊኖሩ ነበር።

ከቀብር መልስ ውብነሽ የእንዳልካቸውን ሚስት ኤልሳቤጥን ከለቀስተኛው ገለል አድርጋ አነጋገረቻት። ኤልሳቤጥ ጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ነጠላዋን ትፈትላለች።

«የሶኬቱንና የአምፖሉን ቦታ ማን መረጠ?»

«እኔ። ቤቱ ገና ቋሚና ማገር ሳለ። ጭቃ ቤት ነዋ! ከተመረገ በኋላ ‹ምነው እዚህ በሆነ› ቢሉ ግድግዳ ማፍረስ ነው። ከሰል ይዤ እየዞርሁ ቋሚው ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ማቀዝቀዣው እዚህ፣ የስልኩ ከአልጋው ራስጌ፣ የምድጃው ከውኃው ራቅ ብሎ። ምንይችል ከኋላዬ እየተከተለ ‹ይኼ ይሆናል፣ ይኼ አይሆንም› ይለኛል።»

«ቴሌቪዥኑስ?»

ኤልሳቤጥ ነጠላዋን መፍተሏን ተወች።

«ምሥራቁ ግድግዳ ላይ ፈልጌ ነበር። ሰፊው እሱ ነው። የኔታ ግን ‹ምሥራቁን ግድግዳ ተዉልኝ› አሉ። ‹እመቤቴ የምትሰቀልበት ነው፤ ሽቦ አይለፍበት፤ እሷ ብርሃን ብትሻ ጧፍ አላት› አሉ። ሁላችንም ሰማን። አኮረፍሁ፤ አልዋሽም። ሰው አያኮርፍም?»

«አኩርፈሽ ስታበቂ ምንይችልን በጎን ‹ሹልክ አድርገህ አሳልፍልኝ› አላልሽውም?»

«እርስዎም?» አለች ኤልሳቤጥ፤ እንባዋ ወረደ። «ባሌም የሚያየኝ እንደዚሁ ነው። ከትናንት ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም። እኔ በተኛሁበት ክፍል አልተኛም። ኢንስፔክተር፣ በልጆቼ አላልሁም! ይህ ነገር ካልተጣራ ምንይችል እስር ቤት ይበሰብሳል፤ እኔም ልጆቼን ይዤ ወደ እናቴ ቤት ነው።»

«ካልሽው ይወጣል። ካላልሽውም ይወጣል። በቤቱ መብራት ላይ ሌላ ያየሽው ነገር አለ?»

«ቆጣሪው ነዋ! ሁሉን አጥፍተን፣ አንድ አምፖል ሳይበራ፣ ቀይ መብራቷ ብልጭ ብልጭ ትላለች። ምንይችልን ብጠይቀው ‹ጭቃው አልጠናም፣ እርጥበት ነው፣ ሲደርቅ ይተዋል› አለ።»

ውብነሽ ከኪሷ ቁልፉን አወጣች። «ይኼስ የየት ነው?»

ኤልሳቤጥ አየችው፤ ፊቷም ተለወጠ። «የጀርባዋ ክፍል ናት። ከምሥራቁ ግድግዳ ኋላ ያለችው። የሷን መብራትና ሶኬት እንኳ የመረጡት የኔታ ራሳቸው ናቸው።»

«የማን ክፍል ናት?»

«የእንግዳ» አለችና አቀረቀረች።

ውብነሽ አልገፋችም። ያልበሰለ ነገር አታወጣም።

ምንይችል በእስር ላይ ነው። እናቱ ከደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች፤ የመጣ የሄደውን ሁሉ «ልጄ ሰው አልገደለም» ትላለች፤ የሚሰማትም የለም። ልጁ ሃያዎቹ ውስጥ ነው፤ ጣቶቹ እንደ ተቆረጠ ሽቦ ጫፍ ተቧጥረዋል።

«በቱቦ ነው የማሳልፈው» አለ። «ያለ ቱቦ አንድ ክንድ ሽቦ ዘርግቼ አላውቅም። በጭቃ ቤት ደግሞ አይጥ አለ። ይፈትሹ! ሽቦው ሁሉ ቱቦ ውስጥ ነው።»

«ሽቦ ስትስብ ማን አገዘህ?»

«ማን ያላገዘ አለ? ጋሽ እንዳልካቸው ሲመጣ ይስባል፤ ዘመኑም ይስባል፤ ጁሃር እንኳ፣ ያ ጎረቤታችን ነጋዴው፣ ሽቦውን ሲያመጣ እጁን ያስገባል።»

«የኔታ ምስማሩን ሲመቱ የት ነበርህ?»

«አጠገባቸው ነዋ፣ ሥዕሉን ይዤ። በሥዕሉ ፊት በጫማ አይቆምም፤ ሁላችንም አውልቀናል። የወይራ ስንጥር ነበረች፤ በምርጊቱ ጊዜ የኔታ ለምልክት ቋሚው ላይ የሰኳት። ጭቃ ብቻውን ምስማር አይዝም፤ ቋሚውን ማግኘት ያስፈልጋል። እሷን ነቅለው ምስማሩን እዚያው ላይ አቆሙ።»

«ምስማሩን መምታት የባለቤቱ ወግ አይደለም ወይ?»

«ነው። ጋሽ እንዳልካቸው ነው ጠዋት ‹እኔ ለአባቴ ሰጥቻለሁ› ያለን። ኤልሳቤጥ፣ ቄሱ፣ ጁሃር፣ እኔ፤ ያለን ሁሉ ሰማን።»

«ዘመኑስ?»

«እሱ በግ ሊያመጣ ሄዶ ዘግይቶ ነው የደረሰው።»

«ከዚያ?»

«መታ መታ አደረጉና ቀጥ አሉ። ድምፅ የለም፤ ብልጭታ የለም። እኛ ‹ደከማቸው› ነው ያልን። ጋሽ እንዳልካቸው ሊደግፋቸው አቀፋቸው፤ እሱም ተንቀጠቀጠ። ወዲያው ሁለቱም ወደቁ።»

«አንተ የመብራት ሠራተኛ ነህ። መብራት እንደያዛቸው አልገባህም?»

«በዚያ ግድግዳ መብራት የለማ!» አለ ምንይችል። «እንዴት ይግባኝ? መብራት የሌለበትን ግድግዳ እኮ ነው የመቱት።»

ውብነሽ ቆሎዋን ማኘኳን አቆመች። ይቺን መልስ ልብ አለቻት፤ አንባቢም ልብ ቢላት አይጎዳም።

ወደ ቤቱ ተመልሳ የመብራቱ ማጥፊያ፣ ብሬከሩ፣ መውረዱን በዓይኗ አረጋገጠችና አስማረን ግድግዳውን እንዲከፍት አዘዘችው። አስማረ በምስማሩ ዙሪያ ጭቃውን ቀስ እያለ ፋቀ። ላዩ ስሱ ልስን ነው። ከልስኑ ሥር ምርጊቱ አለ። ከምርጊቱ ሥር ደግሞ ቋሚው ላይ አንድ መዳፍ የሚያህል ቆርቆሮ፣ ከዘይት ጣሳ የተቆረጠ፣ ተለጥፏል። ምስማሩ ቆርቆሮውን በስቶት አልፏል። ከቆርቆሮው አንድ ሽቦ ይወጣል፤ ቱቦ የለውም፤ ግድግዳውን ሰንጥቆ ወደ ጀርባው ክፍል ይሄዳል።

አስማረ የሚፍቅበትን ብረት ጣለ። «ይኼ ስህተት አይደለም» አለ።

«ስህተትማ አይደለም። ሶኬት የለው፣ አምፖል የለው። የሚሠራው ሥራ አንድ ብቻ ነው።»

በቁልፉ የጀርባዋን ክፍል ከፈቱ። ንጹሕ ክፍል ናት፤ ከበሩ በላይ አምፖል፣ ከአልጋው ቦታ ራስጌ ሶኬት። የሶኬቱን ክዳን ሲያወልቁት የገዳዩ ሽቦ ከዚያ ተቀጥሏል። ጥግ ላይ የተጣለ አሮጌ የማዳበሪያ ጆንያ ነበር፤ ጭድ ተሞልቶ ፍራሽ የሆነ። አንድ ጎኑ ተተርትሮ ሟሽሿል። ውብነሽ ከፍራሹ አንድ እፍኝ ጭድ ወሰደች፤ ከቆርቆሮው ዙሪያ ከወጣው ጭቃም አንድ ጓል። ጓሉን ሰብራ አየችው። መዳፏን ወጋት።

«ፍራሹ የማን ነው?»

«የዘመኑ ነው። ጭቃው እስኪደርቅ ቤቱን እዚህ እያደረ የጠበቀው እሱ ነው» አለ አስማረ። «ግን ምንይችልም ይገባል ይወጣል፤ ጁሃርም ወደዚህ ግቢ የሚያስገባ የኋላ በር አለው።»

ጁሃርን ሱቁ ውስጥ አገኘችው። የጠቆረ ጢም ያለው፣ ሲናገር እጁ የማያርፍ ሰው ነው። ወንበር አቀረበላት።

«እኔም ያቺን ቦታ ፈልጌያት ነበር፣ አልክድም» አለ ሳትጠይቀው። «ከሰው ከመስማትዎ ከእኔ ይስሙ። የኔታን ‹ይሽጡልኝ› ብያቸው ‹ለልጄ ናት› አሉኝ፤ አለቀ። እሳቸው ሲሞቱብኝ እንደ አባቴ ነው ያለቀስሁት።»

«ለምርጊቱ ጭዱን ያመጣኸው አንተ ነህ አሉ?»

«እኔ ነኝ። ከታች ከአርብ ገበያ፣ በአህያ። የጤፍ ጭድ። እዚህ ላይኛው አገር ገብስ እንጂ ጤፍ የት አለ? የገብስ ጭድ ደግሞ ጢሙ እጅ ይበላል፤ ሲመርጉ ሴቶቹ ይራገማሉ። አንድ ዘለላ እንኳ አላስገባንም።»

«በዕለቱ የት ቆመህ ነበር?»

«በረንዳው ላይ፣ ከብሬከሩ ጎን። ጸሎት እያደረሱ ነው፤ ሃይማኖታቸው ነው፤ ውስጥ ገብቼ አላስጨንቅም። በበሩ ግን አያለሁ። ዘመኑ በጉን እየጎተተ መጣ፤ ገባ፤ የኔታ መዶሻ ይዘዋል። ‹ምነው እንዳልካቸው! ሽማግሌ ታለፋለህ እንዴ? ቤቱ ያንተ፣ አንተ ምታ!› ብሎ ጮኸ። የኔታ ሳቁና ‹ቆይ ልጄ፣ ያንተም ተራ ይመጣል› አሉት። መቱ። ከዚያ የሆነው ሆነ።»

«ምን ሆነ? ያየኸውን ንገረኝ።»

«ዘመኑ በጉን ለቆ ወደ እኔ ሮጦ መጣ። ገፈተረኝና ብሬከሩን አወረደ። ወላሂ፣ እንዳልካቸውን ከሞት ያተረፈው እሱ ነው። እኔ ምን እንደተፈጠረ እንኳ አልገባኝም ነበር፤ ‹ምን ነካህ?› ነው ያልሁት።»

«ጎበዝ ነው» አለች ውብነሽ። ጁሃር ራሱን ነቀነቀ፤ አነጋገሯ ግን አላማረውም።

ዘመኑን ከድንኳኑ ኋላ ብቻውን አገኘችው። ጸጉሩን ተላጭቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። እህል ከቀመሰ ቆይቷል ይላሉ ሴቶቹ።

«ቦታውን ለወንድምህ ሲሰጡት አልከፋህም?»

«የአባቴ ቃል ነው። ምን እላለሁ?»

«እኔ የጠየቅሁህ ምን እንዳልህ አይደለም። ከፍቶህ ነበር ወይ?»

ዘመኑ መሬት መሬቱን አየ። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይሉ የለ» አለ። ቀጥሎም፣ «ምንይችልን ምን ታደርጉታላችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

«ሰው ገድሏል፤ ይፈረድበታል።»

«ልጅ እኮ ነው። አደጋ ነው በሉት። እናቱ… አደጋ ነው ብትሉት ምን አለበት?»

«‹አደጋ ነው በሉት› ያለኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ» አለች ውብነሽና ትታው ሄደች።

ሠልስቱ ከወጣ በኋላ ሁሉንም ያንኑ ቤት ሰበሰበቻቸው። እንዳልካቸው ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ ከበሩ አጠገብ ቆመ፤ ኤልሳቤጥ ከሱ ርቃ ተቀመጠች፤ በመካከላቸው ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ባዶ አግዳሚ አለ። ጁሃር መጣ። አስማረ ምንይችልን ይዞ ገባ። ዘመኑ ከሁሉ በኋላ ገብቶ የተከፈተውን ግድግዳ ላለማየት ጀርባውን ሰጠው።

«ይህን ሰው ለምን አመጣችሁብኝ?» አለ እንዳልካቸው ወደ ምንይችል እየጠቆመ። «አባቴን የገደለበት ቤት ድጋሚ ሊረግጥ ነው?»

«ረጋ በል። አንተ ገዳይ አድርገህ የያዝሃቸው ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋ ሚስትህ ናት። መጀመሪያ እነሱን ላውርድልህ።» ውብነሽ ቆርቆሮውን ብድግ አደረገች። «ሰው ሁሉ ‹ለቴሌቪዥን በድብቅ የተሳበ ሽቦ ነው› ብሏል። የቴሌቪዥን ሽቦ ሶኬት ላይ ያልቃል። ይኼ ያለቀው ቆርቆሮ ላይ ነው፤ ቆርቆሮው ምስማር የሚመታበት ቋሚ ላይ ነው። ይህን ያደረገ ሰው ቴሌቪዥን ማየት አልፈለገም።»

እንዳልካቸው ቆርቆሮውን አየና ቀስ ብሎ ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ አላየችውም።

«ምንይችልስ? ባዶ እግሩን፣ በእርጥብ ወለል፣ ከየኔታ ክንድ ጎን ቆሞ ሥዕል ይዟል። ወጥመዱን የሚያውቅ ሰው እዚያ አይቆምም። እንዳልካቸው፣ አንተም አባትህን አቅፈሃል። የሚያውቅ ሰው አያቅፍም።»

«እኔ ቀረሁ ማለት ነው?» አለ ጁሃር።

«አንተንስ ያወጣህ ጭድህ ነው። ይህ ወጥመድ ግድግዳው ከተመረገ በኋላ ተቆፍሮ የገባ ነው፤ ከዚያ ልስን አለፈበትና ጠፋ። ቁፋሮውን የደፈነው ጭቃ ግን ከሌላው ጭቃ አይገጥምም። የግድግዳው ጭቃ የጤፍ ጭድ አለው። ይኼኛው የገብስ ነው፤ ጢሙ እስካሁን እጄን ይበላኛል። ለምርጊቱ የገብስ ጭድ አልገባም። በቤቱ ውስጥ የገብስ ጭድ የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ከጀርባዋ ክፍል፣ ፍራሽ ውስጥ።»

ሁሉም የማንን ፍራሽ እንደምትል ያውቃል።

«ፍራሹን ማንም ሊተረትረው ይችላል» አለ ዘመኑ፤ ጀርባውን እንደሰጠ።

«ይችላል። ለዚህ ነው በጭድ ብቻ የማልፈርድብህ። ጁሃር፣ ዘመኑ ብሬከሩን ሲያወርድ ምን ገባህ?»

«ምንም» አለ ጁሃር። «ነግሬዎታለሁ።»

«ምንይችል፣ አንተ ሥራህ ነው። መብራት መስሎህ ነበር?»

«አልመሰለኝም።»

«ለምን?»

«በዚያ ግድግዳ መብራት ስለሌለ።»

«በዚያ ግድግዳ መብራት ስለሌለ!» አለች ውብነሽ። «የኔታ ‹ምሥራቁን ግድግዳ ተዉልኝ› ብለዋል፤ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሽማግሌ ሰው መዶሻ ይዞ ቀጥ ሲል ደከመው ይባላል፣ ልቡ ነው ይባላል፣ ውኃ አምጡ ይባላል። አባቱን አብልጦ የሚወድ ልጅ መጀመሪያ አባቱ ላይ ይወድቃል። ዘመኑ ግን አባቱን ሳይነካ ወደ ብሬከሩ ሮጠ። የመብራት ሠራተኛው ያላወቀውን አንተ በምን አወቅህ፣ ዘመኑ?»

ዘመኑ ዞረ። ፊቱ ላይ ደም የለም።

«አባቱን ለምን ይገድላል?» ብሎ ጮኸ እንዳልካቸው። «እሱ ነው እኮ የጦራቸው! ሴትዮ፣ ምን እያልሽ ነው?»

«አባቱን ሊገድል አላሰበም። ምስማሩን መምታት የማን ወግ ነው?»

እንዳልካቸው በፋሻ የተጠቀለለ ክንዱን በሌላው እጁ ያዘ።

«ጠዋት ‹ለአባቴ ሰጥቻለሁ› ስትል ሁሉም ሰማ፤ አንድ ሰው ግን አልነበረም። በግ ፍለጋ ሄዶ፣ ሆን ብሎ ዘግይቶ፣ ነገሩ ካለቀ በኋላ ሊደርስ ነበር። ሲደርስ መዶሻው በአባቱ እጅ ነው። ‹አንተ ምታ› ብሎ የጮኸው ለሽማግሌ አዝኖ መሰላችሁ። አዝኗል፤ እውነት ነው። ግን ‹አባባ፣ አይንኩት፣ ሽቦ አለው› የምትለዋን አላላትም።»

«አፌ ተያዘ» አለ ዘመኑ። ድምፁ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ነው። «ልላት ነበር። ካልኋት ማን እንዳደረገው ይታወቃል ብዬ… ትንሽ አሰብሁ። ትንሽ ብቻ። እሱ መታ።»

ጁሃር ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀውም» አለ ለራሱ።

«ለምን?» አለ እንዳልካቸው። «እኔ ምን አደረግሁህ?»

«ምን አላደረግህም?» ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «እኔ ከትምህርቴ ወጥቼ አንተ ተማርህ። እኔ አባቴን አዝዬ ጠበል ሳመላልስ አንተ በበዓል በበዓል ስኳር ይዘህ እየመጣህ ተመረቅህ። ቦታውን ወሰድህ። ቤቱን ስትሠራ ጭቃ አቦካሁልህ፣ ሽቦ ጎተትሁልህ፣ እንደ ውሻ ደጅህን ጠበቅሁልህ። በመጨረሻ አባቴንም ልትወስደው መጣህ። እኔ ምን ቀረኝ? ባዶ ጎጆ ገብቼ ከበሬ ጋር ላወራ ነበር?»

ውብነሽ ከኪሷ ቁልፉን አውጥታ አግዳሚው ላይ አኖረችው።

«ይህ ከየኔታ ነጠላ ተቋጥሮ የተገኘ ነው። ኤልሳቤጥ፣ ‹የእንግዳ› ያልሽኝን ክፍል አሁን የማን እንደሆነ ተናገሪ።»

ኤልሳቤጥ ተነሣች። የምትናገረው ለዘመኑ ቢሆንም ልታየው አልቻለችም።

«ያንተ ነበረች። የኔታ ቦታውን ሲሰጡ ‹እንዳልካቸው መሥራት ስለሚችል ነው እንጂ ቤቱ የሁለታችሁ ነው፤ ለዘመኑ ክፍል ካልሠራችሁለት እኔም አልገባም› አሉ። እኛም እሺ አልን። መብራቷን ራሳቸው መረጡልህ። ከእርሻ ስትመጣ ይመሽብሃል ብለው ከበሩ በላይ አምፖል፤ ሬዲዮ ትወዳለህ ብለው ከራስጌህ ሶኬት። ምስማሩ ከተመታ በኋላ በሁላችን ፊት ቁልፉን ሊሰጡህ ነበር። ‹እስከዚያ እንዳትነግሩት፣ ደስታውን ፊቱ ላይ ልየው› አሉን።»

ዘመኑ ቁልፉን አየው። ከዚያ የተከፈተውን ግድግዳ አየ፤ በግድግዳው ውስጥ ወደ ጀርባው ክፍል የሚያልፈውን ሽቦም አየ። አባቱን የገደለው መብራት ከየትኛው ሶኬት እንደተቀጠለ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

«‹ያንተም ተራ ይመጣል› ያለኝ…» አለና መሬት ተቀመጠ። ለቅሶው እንደ ወንድ ለቅሶ አልነበረም፤ እንደ ልጅ ነው የጮኸው።

አስማረ የምንይችልን እጅ ፈታ። ልጁ ወደ በሩ አልሮጠም፤ ግድግዳው ፊት ቆሞ ቀረ።

«ቆጣሪው ያለ ሥራ ሲቆጥር እርጥበት ነው አልሁ» አለ። «ያኔ መስመሩን ፈትሼ ቢሆን ኖሮ…»

«ፈትሸህ ቢሆን ኖሮ ይተርፉ ነበር» አለች ውብነሽ። «እኔ ሰው ማጽናናት አልችልበትም። ሂድ፣ እናትህ ደጅ ናት።»

እንዳልካቸው ወደ ሚስቱ ሄዶ ክንዷን ሊይዝ ሞከረ። ኤልሳቤጥ ቀስ ብላ እጁን አነሣችው። ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራትም፤ ነጠላዋን አስተካክላ ልጆቿ ወዳሉበት ወጣች።

አስማረ ዘመኑን አስነሣው። ወደ በረንዳው ሲደርሱ፣ ከብሬከሩ አጠገብ፣ ዘመኑ ቆመና ወደ ወንድሙ ዞረ።

«ባላጠፋው ኖሮ አንተም ከሱ ጋር ትሄድ ነበር» አለው። ውለታ እየጠየቀ አይመስልም፤ ሌላ የሚለው ስላጣ ነው።

እንዳልካቸው ባዶውን ቤት አየ፤ ግማሹ የገባውን ምስማር አየ።

«ምነው ባላጠፋኸው» አለ።